ጅማ ዳር ዳሩን ቤት ልግዛ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደላላ አይደለሁም። ጠበቃም አይደለሁም። ጅማ ውስጥ አንድ ቤት ገዝቼ፣ ሁለት ልገዛ ብዬ ትቼ፣ ለዘመድ አዝማድ ደግሞ ስንቱን ግቢ አብሬ የዞርኩ ሰው ነኝ። ቡና ላይ የሚነሡት ጥያቄዎች ሁሌም ስለሚመሳሰሉ እዚህ ጻፍኳቸው። የማወራው ገበያው ሰፈር፣ ሄርማታ መሀል ስላለ ሱቅ አይደለም። ዳር ዳሩን ስላለው የቤተሰብ ቤት ነው፤ ግቢ ያለው፣ ሁለት ሦስት መኝታ፣ ጓሮው ውስጥ አቮካዶ የቆመበት ዓይነት።

ቤት ለማየት ጥሩው ጊዜ መቼ ነው?

ሐምሌ። ያውም ዝናቡ ሳያባራ፣ ቦቲ ጫማ አጥልቀው።

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርድባታል። በልጉ ከክረምቱ ጋር ይገጥምና ከመጋቢት እስከ መስከረም እምብዛም ፋታ የለም። ደረቁ ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ አጭር ነው። እኔ እንዳየሁት ግን የቤት ገበያው የሚደራው ያኔ ነው። የቡና ብር የሚገባውም፣ ግድግዳ ቀለም የሚቀባውም፣ ደላላ ስልክ የሚደውለውም ያኔ ነው።

እኔ የገዛሁትን ቤት ያየሁት በየካቲት ነው። ግድግዳው ከወለሉ እስከ ወገብ ድረስ በዘይት ቀለም ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ ነጭ። «ንጹሕ ሰዎች ናቸው» አልኩ። ሐምሌ ላይ የዘይት ቀለሙ እንደ እንጀራ ዓይን እያወጣ ተነፋ። በጣቴ ስነካው ከኋላው ያለው ልስን ገንፎ ሆኗል። ለካ ከላያችን ያለው ጎረቤት ጎርፉን የሚለቀው ወደኛ ግቢ ነበር። ቦይ ለማስቆፈርና ልስኑን ለማስፋቅ የወጣው ብር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እስከ ክረምት መጠበቅ ካልቻሉ ምልክቱን በበጋም ያገኙታል። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ክብ እድፍ ካለ ጣሪያው ያፈሳል። ቁም ሳጥኑን ከፍተው ያሽትቱ። አጥሩ ሥር ጭቃ ደርቆ የቀረበት መስመር ይፈልጉ፤ ውሃው እስከየት እንደደረሰ ይነግርዎታል። ከሁሉ በላይ የሰፈሩን ልጆች ይጠይቁ፦ «ክረምት ላይ ውሃው በየት በኩል ነው የሚያልፈው?» ልጅ እጁን ቀስሮ ያሳያል። ጎረቤት ግን የሻጩ ይሉኝታ ይይዘዋል።

የትኛው ሰፈር ይሻላል?

የሰፈር ስም ከመጠየቅ ቦታው ዳገት ላይ ነው ወይስ ሜዳው ላይ ብሎ መጠየቅ ይሻላል። አንድ ቀበሌ ውስጥ እንኳ ላይኛውና ታችኛው ቤት ሁለት የተለያየ ከተማ ናቸው።

የጅማ ውሃ በአዌቱና በቂጦ በኩል ወርዶ ወደ ቦዬ ረግረግ ይሄዳል። ወደ ጅሬን በኩል ያለው ተዳፋት አብዛኛው ቀይ አፈር ነው። ቀይ አፈር ውሃ ያሳልፋል፣ መሠረትም ይሸከማል። ሜዳው ላይ፣ ቂጦ ፉርዲሳ አካባቢና ወደ ቦዬ ሲወርዱ ግን ጥቁር አፈር ያጋጥማል። ጥቁር አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ላዩ ላይ ያለው ቤትም አብሮት ይነሣል፣ ይወርዳል።

ይህንን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ እየሰፋ የሚሄድ ስንጥቅ ይፈልጉ። በክረምት አልዘጋ የሚል፣ በበጋ የሚላላ በር ካለ ነገሩ ከልስን ያለፈ ነው። ሻጩ «እሱ ልስን ነው፣ በአንድ ቀን ይደፈናል» ይልዎታል። ይደፈናል። በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል።

ጥቁር አፈር ላይ ጥሩ ቤት የለም ማለቴ አይደለም። ጥቁሩ አፈር ተቆፍሮ ወጥቶ በገረጋንቲ የተተካ፣ መሠረቱ በፌሮ የታሰረ ቤት እዚያም ቀጥ ብሎ ቆሟል። ግን ይህን ሻጩ ሲናገር ብቻ አይመኑ። ቤቱን የሠራውን ግንበኛ ስም ይጠይቁና ይደውሉለት። ጅማ ትልቅ ከተማ ብትሆንም ግንበኛ አይጠፋም።

ዳገቱም የራሱ ጣጣ አለው። የቧንቧ ውሃ ግፊት ያጥረዋል። ክረምት ላይ ኮብልስቶን ያልደረሰበት ዳገት ከሆነ ባጃጁ ታች ያወርድዎትና «ከዚህ በኋላ በእግር ነው» ይላል። ማታ ሲሆን ደግሞ ጅቡም በዚያው መንገድ ነው የሚመላለሰው። ረግረግ አጠገብ ያለው ቤት በበኩሉ ትንኝ አለበት፤ የጅማ ከፍታ ወባን አያግድም። እኔ ብሆን ዳገቱን እመርጣለሁ። የውሃ ግፊት በታንከር ይፈታል፤ ከወለል ሥር የሚመጣ ውሃ ግን በምንም አይፈታም።

«ካርታ አለው» ይሉኛል። ይበቃል?

አይበቃም። ካርታ ማለት መጀመሪያ ማለት ነው።

ካርታውን ፎቶ ኮፒ ሳይሆን ዋናውን ይዩ። ከዚያ ሻጩን ይዘው ማዘጋጃ ቤት ይሂዱ፤ ፋይሉ ወጥቶ ከካርታው ጋር ይመሳከር። የሚጣራው ይህ ነው፦ ስሙ የሻጩ ነው? ስፋቱ ስንት ካሬ ነው? ዕዳና እገዳ አለበት? ባንክ በመያዣነት የያዘው ቤት ሊሆን ይችላል። ፍርድ ቤት ያገደውም ሊሆን ይችላል። ይህንን የሚነግርዎት ፋይሉ ነው፤ ሻጩ አይደለም።

ከዚያ ሜትር ይዘው ግቢውን ይለኩ። ይህን የሚያደርግ ሰው በጣም ጥቂት ነው፤ ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ካርታው 250 ካሬ ብሎ ግቢው 310 ካሬ ከሆነ ያ 60 ካሬ የማን ነው? የመንገድ ሊሆን ይችላል፤ የወንዝ ዳር ወይም የጎረቤት። እርስዎ ግን በ310 ሒሳብ ሊከፍሉ ነው። አንድ ዘመዴ በዚህ መንገድ ኩሽናው የተሠራው ካርታ ውስጥ በሌለ መሬት ላይ እንደሆነ ያወቀው ስም ሊያዛውር ሲሄድ ነው።

ሌላው የመንገድ ነገር ነው። ቤቱ በከተማው ፕላን ላይ መንገድ የሚያልፍበት እንደሆነ ይጠይቁ። የኮሪደር ልማቱ ጅማም ገብቷል። ከዋና መንገድና ከወንዝ ዳር ያሉ ቤቶችን ሲያዩ ይህን ጥያቄ አይዝለሉ።

ካርታው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ እኔ አላነብም። ምን ላድርግ?

ያፍራሉ እንጂ ብዙ ሰው በዚህ ይቸገራል። ጅማ የኦሮሚያ ከተማ ናት፤ ካርታውም፣ የማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤም በአፋን ኦሮሞ ነው። ደላላው እንዲተረጉምልዎ አያድርጉ። የራስዎን ሰው ይዘው ይሂዱ፤ የሥራ ባልደረባም ቢሆን።

ጥቂት ቃላት ራስዎ ቢለዩ ደግሞ ጥሩ ነው። ወረቀቱ ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚያገኟቸው። «ቀቢዬ» (Qabiyyee) ይዞታ ነው። «በልኢና» (Bal'ina) ስፋት፣ «ዳንጋ» (Daangaa) ወሰን። «ኢዳ» (Idaa) ያው ዕዳ ነው። «ዾርካ» (Dhorkaa) የሚል ቃል ካዩ ቆም ይበሉ፤ እገዳ ማለት ነው።

ነባር ይዞታና ሊዝ ልዩነቱ ምንድን ነው? የትኛው ይሻለኛል?

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ አስቀምጦታል። የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ መሬቱን የመጠቀም መብት አብሮት ይተላለፋል። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ሲገዛ ግን ሁሉም ይረሳዋል።

ሊዝ ማለት መሬቱን ከመንግሥት በክፍያ ለተወሰነ ዘመን መያዝ ነው፤ ነባር ይዞታ ደግሞ ከሊዝ ሥርዓቱ በፊት የተያዘ መሬት ነው። ባለቤቱ በየዓመቱ የሚከፍለው የመሬት ኪራይ ትንሽ ነው። በ2004 ዓ.ም የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ግን አንድ ነገር አመጣ፦ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ተቀባዩ መሬቱን በሊዝ ይይዛል። ስለዚህ «ነባር ነው፣ ሊዝ የለበትም» የሚለው የደላላ ዜማ ለሻጩ እውነት ነው። ለእርስዎ አይሠራም። ከቀብድ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄደው «ይህ ቤት በስሜ ሲዞር በዓመት ስንት ሊዝ ይመጣብኛል?» ብለው ይጠይቁ።

ቀድሞውኑ ሊዝ ከሆነ ደግሞ ያልተከፈለውን ቀሪ ይዩ። ለመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት ነው፤ ክፍያው በየዓመቱ ተከፋፍሎ ይሄዳል። ሻጩ ሳይከፍል ያሳደረው ውዝፍ ካለ ስም ማዛወር ላይ ሲደርሱ ፊትዎ ይደቀናል። ግንባታው ያላለቀ ከሆነ፣ ለምሳሌ መሠረትና ጥቂት ብሎኬት ብቻ ያለው፣ አዋጁ በዚያ ላይ የራሱ ጥብቅ አካሄድ አለው። እንደ አለቀ ቤት በቀላሉ አይዞርም።

የትኛው ይሻላል? ሊዙ ተከፍሎ ያለቀ ወይም ሊያልቅ የተቃረበ ቤት ለእኔ አንደኛ ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ ርካሽ መሬት አለ። «ሊካለል ነው» ይሉኛል።

«ሊካለል ነው» የሚለው ቃል ስንቱን አራቁቷል! የገበሬ መሬት አይሸጥም፤ አይለወጥም። በመንደር ውል፣ በሁለት ምስክርና በሽማግሌ ቢፈራረሙም ፍርድ ቤት ሲደርስ ያ ወረቀት ዋጋ የለውም። ሌሊት ሌሊት የቆመ የጨረቃ ቤት ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን ዶዘር ሲመጣ የሚከራከሩበት ምንም ነገር እጅዎ ላይ የለም። ከተማው ቢያካልለውም ካሳው የሚሄደው መዝገብ ላይ ስሙ ላለው ገበሬ ነው።

ርካሽ የሆነበት ምክንያት አለው። ይለፉት።

ሻጩ ባለቤቱ አይደለም፤ ወኪል ነው። ወይም ወራሾች ናቸው።

ውክልናውን ያንብቡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አይበቃም፤ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ወረቀቱ ላይ «መሸጥ፣ ማዛወር፣ ገንዘብ መቀበል» ተብሎ በግልጽ ካልተጻፈ አይጠጉ። ሌላ ደግሞ አለ፦ ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮት ያበቃል። ውጭ አገር የነበረ ባለቤት አርፎ ወንድሙ በድሮው ውክልና ቤት ሲሸጥ አይቻለሁ። ስለዚህ ባለቤቱን በቪዲዮ ያናግሩት። ሰላም ማለት ነውር አይደለም።

የውርስ ቤት ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይጠይቁ፤ እዚያ ላይ የተጻፉት ሁሉ ይፈርሙ። አንዷ ልጅ ቤሩት ናት፣ አንዱ ሞያሌ ነው፣ «እነሱ ተስማምተዋል» አይሠራም። ባለትዳር ከሆነም ካርታው በአንዱ ስም ቢሆን እንኳ ቤቱ የጋራ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱም ይፈርሙ። ያላገባ ነኝ ካለ ማስረጃውን ያምጣ።

ቀብድ ስንት ልክፈል?

የሚቆጭዎትን ያህል አይክፈሉ። በሕጉ ቀብድ ሰጪው ሐሳቡን ከለወጠ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ከለወጠ እጥፉን ይመልሳል። ያ ግን ተጽፎ ሲፈረም ነው። በእጅ ተሰጥቶ «በእምነት» የሚባለው የጭቅጭቅ መነሻ ነው። በባንክ ያስገቡ፣ ምክንያቱን ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ።

ቀብድ የሚከፈለው ደግሞ ፋይሉ ከተጣራ በኋላ ነው። ደላላው «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው፣ ዛሬ ማታ» ካለዎት ይውሰደው። ያ «ሌላ ሰው» በሦስተኛው ሳምንትም ሳይወስደው ሲቀር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ውል የት ይደረጋል? ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ ቢሉኝስ?

የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም። ውልና ማስረጃ ፊት ያድርጉት፤ ከዚያ ማዘጋጃ ቤት ስም ይዙር። ስም እስኪዞር ድረስ ከዋጋው የተወሰነውን ብር በእጅዎ ያቆዩ፤ ይህም ውሉ ላይ ይጻፍ። ሙሉውን የተቀበለ ሻጭ ስልክ ማንሣት ይከብደዋል።

ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍ የተለመደ ነው። የተለመደ መሆኑ ደግ አያደርገውም። 4 ሚሊዮን ከፍለው ውሉ ላይ 1 ሚሊዮን ቢጻፍና ነገ ውሉ ቢፈርስ፣ ሻጩ «የተቀበልኩት 1 ሚሊዮን ነው» ቢል በምን ይከራከራሉ? ደግሞም ቀረጥና ግብሩን ለማስላት ጽሕፈት ቤቱ የራሱ ግምት አለው። አተረፍኩ ያሉት ብር ላይተርፍ ይችላል።

ከቤቱ ዋጋ ሌላ ምን ምን ወጪ አለ?

የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ አለ። የደላላ ኮሚሽን አለ፤ ልማዱ ከየወገኑ 2 በመቶ ነው፣ ግን ይደራደራሉ። ሻጩ ላይ የሚያርፍ፣ ከሽያጩ ትርፍ የሚከፈል የካፒታል ጌይን ግብር አለ፤ ሻጮች ይህን ወደ ገዢ መግፋት ስለሚወዱ ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይስፈር። ውዝፍ የቤት ግብር፣ የውሃና የመብራት ዕዳ የሻጩ ነው፤ ክሊራንስ፣ ማለትም ዕዳ የለበትም የሚል ወረቀት ይጠይቁ። ከገቡ በኋላ ደግሞ አጥር፣ ቁልፍ፣ ታንከር፣ ቀለም። ለዚህ ሁሉ ከዋጋው አሥር በመቶ ገደማ ለብቻ ካላስቀመጡ ባዶ ኪስ ይዘው ነው የሚገቡት።

የጭቃ ቤት ወይስ የብሎኬት?

የጭቃ ቤት ተንቋል፤ ያላግባብ ነው። የጅሬኑ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በእንጨት ተሠርቶ ከመቶ ዓመት በላይ ቆሟል። ዘመን ያሻገረው ሰፊ የጣሪያ ክፈፍና ጥገና ነው። የጭቃ ቤትን የሚገድለው ውሃና ምስጥ ነው፤ ሁለቱም በአብዛኛው ከታች ነው የሚመጡት።

ስለዚህ ከታች ይጀምሩ። የድንጋይ መሠረቱ ከመሬት ምን ያህል ከፍ ብሏል? ቋሚዎቹ በቀጥታ አፈር ውስጥ ከተተከሉ የቤቱ ዕድሜ የእንጨቱ ዕድሜ ነው። የግድግዳውን ሥር በቁልፍ ጫፍ ኳ ኳ ያድርጉ፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ማገሩን ምስጥ ጨርሶታል። አሸንዳ አለው? ክፈፉ ግድግዳውን ከዝናብ ይሸፍነዋል? እነዚህ ካሉ የጭቃ ቤት ሞቅ ያለ፣ ለኑሮ ደስ የሚል ቤት ነው።

ብሎኬት ግን ለባንክም፣ ለመልሶ ሽያጭም ይቀላል። ለጭቃ ቤት ባንክ ብዙ ብር አይገምትም። የጭቃ ቤት ከገዙ ሒሳብዎን በዋናነት በቦታው ያድርጉ።

ውሃ፣ መብራት፣ ሽንት ቤት ላይ ምን ልይ?

ቧንቧውን ይክፈቱ። ውሃው መጣ ሄደት የሚል ከሆነ ፈረቃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሆነ ከጎረቤት ይጠይቁ። የጉድጓድ ውሃ ካለ ከሽንት ቤቱ ጉድጓድ ምን ያህል እንደሚርቅ በእርምጃ ይለኩ። የጅማ ዝቅተኛ ቦታዎች ላይ የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ ነው። ክረምት ላይ ሁለቱ ጉድጓዶች ከመሬት በታች ይገናኛሉ። ያንን ውሃ ለልብስ እንጂ ለመጠጥ አላደርገውም።

ሌላ ሰው የማይጠይቀው ጥያቄ፦ የሽንት ቤት መምጠጫ መኪና ግቢው ድረስ ይገባል? መንገዱ ጠባብ ከሆነ አይገባም። ሲሞላ ያስቡት።

መብራት ላይ ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነ ይዩ። ከጎረቤት የተሳበ ከሆነ ቆጣሪ የለዎትም ማለት ነው። መቋረጥን በተመለከተ ምን ልበል፤ ግልገል ጊቤ ጎረቤታችን ነው፣ ሻማ ግን ቤታችን አይጠፋም።

ዋጋው ተገቢ መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

የተጠየቀ ዋጋ ዋጋ አይደለም። በዚያው አካባቢ ባለፉት ጥቂት ወራት በእርግጥ የተሸጠ ሁለት ሦስት ቤት ይፈልጉ። ይህን ከደላላ ይልቅ የዕድር ሰብሳቢ ያውቀዋል። ማን እንደገባ፣ ማን እንደለቀቀ፣ ለምን እንደለቀቀም።

ከዚያ በሁለት ከፍለው ያስቡ። ባዶው ቦታ ካርታ ይዞ በካሬ ስንት ይሄዳል? ይህንኑ ቤት ዛሬ ባለበት ሁኔታ ለማቆም ስንት ይፈጃል? ለሁለተኛው አንድ የታመነ ግንበኛ ይዘው ቢሄዱ የውሎ አበሉን አሥር እጥፍ ያተርፋሉ። ሁለቱን ደምረው ሻጩ ከሚለው በጣም ካነሰ ልዩነቱ ምን እንደሆነ ይጠይቁት። አንዳንዴ መልሱ «ሴራሚክ» ነው። ሴራሚክ ቤት አያስወድድም፤ አፈር ያለበትን ወለል ይሸፍናል እንጂ።

ለኪራይ ብዬ ብገዛው ያዋጣል?

በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሩን በራስዎ ይተኩ። ቤቱ 5 ሚሊዮን ብር፣ ኪራዩ በወር 15,000 ይሁን። በዓመት 180,000 ነው። አንድ ወር ባዶ ቢውል፣ ለጥገና 20,000 ቢወጣ፣ ከግብር በፊት 145,000 ይቀራል። ከ3 በመቶ በታች ማለት ነው። ባንክ የሚቀመጥ ብር እንኳ ቢያንስ 7 በመቶ ይወልዳል።

ታዲያ ሰው ለምን ይገዛል? ብር ስለሚረክስ። ቤትን የሚገዛው ኪራዩን ፈልጎ ሳይሆን ብሩን ለማስቀመጥ ነው። ያ ምክንያት ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን ብሩን ነገ የሚፈልጉት ከሆነ ቤት በአንድ ሳምንት ወደ ብር አይመለስም። ለሕክምና፣ ለልጅ ትምህርት የተቀመጠ ገንዘብ በዚህ ውስጥ አይቀበርም።

ኪራይ ላይ የሚያዋጣው ሰርቪሱ ነው። ዋናው ቤት ለአንድ ቤተሰብ 15,000 ሲከራይ፣ ጓሮ ያሉ አራት ክፍሎች እያንዳንዳቸው በ3,000 ቢከራዩ 12,000 ይጨምራሉ። ጅማ ተከራይ አታጣም፤ የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ስፔሻሊቲ የሚማሩ ሐኪሞች፣ አዲስ ተቀጣሪዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ግን ሥራ ቦታቸው አጠገብ መሆን ይፈልጋሉ። ከሆስፒታሉ ወይም ከካምፓስ ሁለት ባጃጅ የሚያስቀይር ቤት ርካሽ ካልሆነ ባዶ ይውላል።

በ2016 ዓ.ም የወጣውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320ንም ይወቁት። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር አይበልጥም። የትኞቹ ከተሞች ውስጥ እንደሚፈጸም ክልሎች ስለሚወስኑ ማዘጋጃ ቤቱን ይጠይቁ። «የስድስት ወር ቅድሚያ ተቀብዬ ጣሪያ እቀይራለሁ» ብለው አቅደው ከሆነ ቀድመው ያስቡበት።

በባንክ ብድር ልግዛ?

ስሌቱን በወረቀት ይሥሩ። 2 ሚሊዮን ብር በ18 በመቶ ወለድ ለ15 ዓመት ቢበደሩ በየወሩ 32,200 ብር ገደማ ይከፍላሉ። በጠቅላላ 5.8 ሚሊዮን አካባቢ ይሆናል። ደመወዝዎ ይህን ችሎ ለጤፍ የሚተርፍ ካለው ደግ። ካልሆነ ዕቁብና የቤተሰብ ብድር ከባንክ ይሻላል፤ ጭቅጭቁ ግን ከባንክ ይብሳል።

ወለድ የማይፈልጉ ከሆነ ከወለድ ነፃ አገልግሎት አለ። በሙራባሃ ባንኩ ቤቱን ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ ለእርስዎ በክፍያ ይሸጠዋል። ጠቅላላ የሚከፍሉት ብር ከመጀመሪያው ስለሚታወቅ ለማነጻጸር ራሱ ይመቻል።

ውጭ አገር ነው የምኖረው። ሳልመጣ ልግዛ?

አይግዙ። ትውልደ ኢትዮጵያዊ ሆነው ቢጫ ካርድ ካለዎት ሕጉ አይከለክልዎትም፤ የሚከለክልዎት ሐምሌ ነው። ቪዲዮ ላይ ሽታ የለም፤ ስንጥቅም በቁም ሳጥን ይሸፈናል። የግድ ከሆነ ለማየት የሚልኩት ሰውና ገንዘቡን የሚይዘው ሰው አንድ አይሁን። ወንድምዎም ቢሆን። በተለይ ወንድምዎ ከሆነ።

ጓሮ ያለው ቡናና አቮካዶ ዋጋ ይጨምራል?

ሻጩ ይጨምራል ይላል። ሃያ እግር ቡና ለቤት ቡና ይበቃል፤ ለድርድር አይበቃም። ግድግዳው ሥር የቆመ ባሕር ዛፍ ካለ ግን ዋጋ ይቀንሱበት፤ ማስቆረጡ ብር ነው፣ ጣሪያ ላይ ከወደቀ ደግሞ ሌላ ብር።

ፍሬው የማን እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፉ። ቀልድ እንዳይመስልዎት። የኔ ሻጭ «እኔ ነኝ የተከልኩት» እያሉ ሁለት ዓመት ሙሉ አቮካዶ ሲደርስ ጆንያ ይዘው ይመጡ ነበር። ሽማግሌ ናቸው፣ ምን ይባላል። ቡና አፍልተን ጆንያውን ሞልተን ሸኘናቸው። በሁለተኛው ዓመት ቡናውን ሲጠጡ ግድግዳውን አየት አደረጉና «ውሃው አሁንም ይገባል እንዴ?» አሉኝ።